ፈረሱ ይኸው፣ ሜዳው የታለ?

የፈረስ እሽቅድምድም ወዳጅ ከቴሌቪዥን ጋር ታርቆ አያውቅም። የእግር ኳስ ተመልካች ዳኛውን ይራገማል፣ አሠልጣኙን ያባርራል፣ አጥቂውን በርካሽ ይሸጣል፤ ካሜራውን ግን ብዙም አይናገረውም። የፈረሱ ሰው ጠቡ ከካሜራው ጋር ነው። ጋላቢ ቢሳሳት ይቅር ይላል፤ ፈረስ ቢደክም ከንፈሩን ይመጣል፤ በወሳኟ ሰዓት ምስሉን የቀየረውን፣ መልኩንም ስሙንም የማያውቀውን ዳይሬክተር ግን እስከ ሰባት ቤቱ አይምረውም።

ቅሬታው መሠረት የለውም አይባልም። የኬንታኪ ደርቢን ውሰዱ። (ዘመኑን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፤ አገር ቤት ስደርስ እናገራለሁ።) ከ1875 ጀምሮ በየዓመቱ፣ ሉዊቪል ከተማ፣ ቸርችል ዳውንስ በሚባለው ሜዳ ይካሄዳል። የተለመደው ቀኑ የሜይ ወር የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። ቢበዛ ሃያ ፈረሶች ይሰለፋሉ፤ ርቀቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጊዜው ሁለት ደቂቃ ያህል ነው። ሴክሬታሪያት የተባለው ዝነኛ ፈረስ በ1973 ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ፣ በ1፡59.4 ጨርሶት ሰዓቱ እስከ ዛሬ አልተሰበረም። የቴሌቪዥኑ ስርጭት ግን ከቀትር በኋላ ይጀምርና ፈረሶቹ የሚነሡት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው።

በመካከል ያለው ጊዜ በአንድ ነገር መሞላት አለበት። ስለዚህ ባርኔጣ ይታያል። ናና የተነሰነሰበት መጠጥ ሲቀዳ ይታያል። የታወቀ የፊልም ተዋናይ ከልጅነቱ ጀምሮ ፈረስ እንደሚወድ ይናገራል። የአንዱ ፈረስ ባለቤት ሟች አባቱን አንሥቶ ዕንባ ይተናነቀዋል፤ ከበስተኋላው ፒያኖ አለ። ዝናብ ይዘንብ እንደሆነ አንድ ሰው ካርታ ላይ በእጁ ያሳያል። ለአሸናፊው የሚደረበው የጽጌረዳ አበባ ይመጣል። ከዚያ እንደገና ባርኔጣ።

ይህን ጠብ ከነዝርዝሩ የማውቀው በአክስቴ ባል ምክንያት ነው። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። የሚኖሩት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ዋሽንግተን ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ሆነው ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። የተወለዱት ግን አዊ፣ እንጅባራ አቅራቢያ፣ ልጅ እግሩ ሳይጠና ፈረስ ላይ በሚወጣበት አገር ነው። አሜሪካ እንደመጡ ከሁሉ በላይ ያስደሰታቸው የፈረስ እሽቅድምድም በቴሌቪዥን መተላለፉ ነበር። ከሁሉ በላይ ያስከፋቸውም እሱው ነው።

አክስቴ ደግሞ ደርቢውን የምታየው ለባርኔጣው ነው። ዓመቱን ሙሉ ፈረስ የሚባል ነገር በአፏ አይዞርም። የደርቢ ቀን ግን ቡናዋን አቅርባ፣ ፈንዲሻዋን በትና፣ ከሶፋው ጫፍ ተቀምጣ አትነሣም። የመሶብ ክዳን የሚያህል ባርኔጣ ያደረገች ሴት ብቅ ስትል ቤቱ ለሁለት ይከፈላል።

«ይቺን ሴትዮ ማን ጠራት? ፈረስ አላት?» ይላሉ ጋሼ።

«ምን አገባህ? ቀለሙ እንዴት እንደሚያምር አታይም?»

«የትኛው ፈረስ?»

«የባርኔጣው ነው እንጂ!»

እኔ በመሃል ተቀምጬ ስኒ አቀብላለሁ። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው ሁሉ የሚያልቀው ፈረሶቹ ከመነሣታቸው በፊት ነው። ሩጫው ራሱ አንድ ሰው ስኳር ሊያመጣ ወደ ወጥ ቤት ደርሶ እስኪመለስ አይቆይም፤ በዚህ ምክንያት ስኳር ፍለጋ ሄዶ አሸናፊውን ያላየ ዘመድ አለን፤ እስካሁን ሲነሣበት ይኖራል።

እውነቱን ለመናገር የጣቢያው ሰዎች ሒሳብ አይገባኝም አልልም። ጋሼ በየሳምንቱ ቅዳሜ፣ ምንም ባርኔጣ በሌለበት፣ ስድስት ፈረስ በጭቃ ውስጥ የሚሮጡበትን ውድድር ሳይቀር ያያሉ። እሳቸውን ለመሳብ የሚወጣ ገንዘብ የባከነ ገንዘብ ነው፤ ቢሰድቧቸውም ይመጣሉ። መለመን ያለባት አክስቴ ናት። ማስታወቂያ የሚያስነግረውም ነጋዴ የሚከፍለው ለእሷ ዓይን ነው። እንዲያውም ያ ሁሉ ካሜራ የተገዛው በባርኔጣ ገንዘብ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ይህን አንድ ቀን ለጋሼ ባስረዳቸው፣ ረጋ ብለው ሰምተው፣ «እሺ፣ ባርኔጣዋን ያሳዩአት፤ ግን ሁለቷን ደቂቃ ለእኔ ይተዉልኝ» አሉ። ከዚህ የበለጠ ቀና ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም።

እርግጥ ከሁለቷ ደቂቃ በፊትም አንድ ነገር ይፈልጋሉ። ፈረሶቹ ኮርቻ ተጭኖባቸው ክብ እየዞሩ የሚታዩበት ግቢ አለ፤ ለእሳቸው ዋናው ፊልም እሱ ነው። ጆሮው ወደፊት ቀጥ ብሏል ወይስ ወደ ኋላ ተለጥፏል? አንገቱ ላብ አውጥቷል? በኋላ ጭኖቹ መካከል አረፋ ይታያል? ሲራመድ የኋላ ሰኮናው የፊተኛው የረገጠበትን አልፎ ያርፋል? ልጓሙን ያላምጣል ወይስ ይታገለዋል? ይህን ለማየት የሚመኙት ጋሼ ብቻ አይደሉም። በየትኛውም አገር ያለ የፈረስ ሰው፣ በተለይ ገንዘቡን ያስያዘ፣ ጉዳዩ ይኸው ነው። ካሜራው ግን አንዱን ፈረስ ለአፍታ ያሳይና ወደ ባለቤቱ ይዞራል።

«ምን ይሰማዎታል?»

«ሕልም ነው የሚመስለኝ።»

«ፈረሱን ጠይቁት እንጂ!» ይላሉ ጋሼ፣ እጃቸውን ወደ ስክሪኑ ዘርግተው።

እዚህ ላይ የአስተዳደግ ልዩነትም አለ። በእኛ አገር ፈረሱ ለሰውየው ስም ይሰጣል፤ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ዮሐንስን አባ በዝብዝ፣ ደጃዝማች ባልቻን አባ ነፍሶ ያሰኛቸው ፈረሳቸው ነው። ጌታው የሚተዋወቀው በፈረሱ በኩል ነበር። በአሜሪካ ሰውየው ለፈረሱ ስም ያወጣል፤ ያም ከነክፍት ቦታው ከ18 ፊደል እንዳይበልጥ ደንብ አለው። ቴሌቪዥኑም ፈረሱን የሚያስተዋውቀው በባለቤቱ በኩል ነው፤ ባለቤቱ ምን ነግዶ እንደከበረ፣ ስንት ልጅ እንዳለው፣ ፈረሱን በስንት እንደገዛው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ሥርዓት እንደተጣሰባቸው ሽማግሌ ይሆናሉ። ስለ ፈረሱ እናት ነው መስማት የሚሹት።

አሁን ወደ ሁለቷ ደቂቃ እንምጣ፤ ዋናው ቁስል ያለው እዚያ ነው። «ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» ሲባል አባቶቻችን ሁለቱን አንድ ላይ የጠሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። ፈረስ ያለ ሜዳው ፎቶግራፍ ነው። ቴሌቪዥኑ ግን ወይ ፈረሱን ወይ ሜዳውን እንጂ ሁለቱን አንድ ላይ መስጠት ይከብደዋል። ከመነሻው ላይ ከሩቅ ያሳይሃል፤ ሁሉም ጉንዳን ነው። መታጠፊያው ላይ በተሽከርካሪ ላይ ያለው ካሜራ ከጎን ይይዝና የሁለት ፈረስ ጋማና የአንድ ጋላቢ ጉልበት ያሳይሃል። ቀጥታው መንገድ ላይ ሲገቡ፣ ነገሩ ሁሉ በሚለይበት ሰዓት፣ መሪውን አቅርቦ ያሳይና የቀሩትን ያጠፋቸዋል። ከኋላ ማን እየመጣ ነው? አይታወቅም። እሽቅድምድም ማለት ደግሞ ከኋላ ማን እየመጣ እንደሆነ ማወቅ ነው። መሪው ምን ያህል እንደፈጠነ የሚለካው በተከታዩ ነው፤ ብቻውን ያየኸው ፈረስ ሲሮጥም ሲያዘግምም ያው ነው።

ጋሼ በዚህ ጉዳይ ጥብቅና ሲቆሙ የሚጠሩት ምስክር የ2022ቱ አሸናፊ ሪች ስትራይክ ነው። ይህ ፈረስ እስከ ውድድሩ ዋዜማ፣ እስከ ዓርብ ጠዋት ድረስ ተሰላፊ አልነበረም፤ ሌላ ፈረስ ሲወጣ በመጨረሻዋ ሰዓት ገባ። የተሰጠው የውርርድ ግምት 80 ለ1 ነበር። ቀጥታው መንገድ ላይ ኤፒሴንተርና ዛንደን የሚባሉት ሁለቱ ታላላቆች አንገት ለአንገት ተያያዙ፤ የአስተላላፊው አፍም ከእነሱ ጋር ተያያዘ። በዚያች ሰዓት ከውስጠኛው አጥር ጥግ አንድ ሦስተኛ ፈረስ እንደ ጥይት መጣ። አስተላላፊው ስሙን የጠራው መድረሻው አፍንጫው ሥር ሲደርስ ነበር። በሲልቨር ስፕሪንጉ ሳሎንም «ማነው? ማነው ይሄ?» ተባለ፤ ጋሼ እንኳ በቀለሙ ሊለዩት አልቻሉም።

ከዚያ በኋላ ነው ጉዱ። ከላይ፣ ከሰማይ የተቀረጸ ምስል ወጣ፤ በስልክ ከሰው ወደ ሰው ዞረ። ምንም ጌጥ የለውም፤ ሜዳው ወለል ብሎ ይታያል፣ ፈረሶቹም በላዩ። ሪች ስትራይክ ከኋላ ተነሥቶ በፈረሶች መካከል ሲሹለከለክ፣ ከፊቱ የደከመ ፈረስ ሲያጋጥመው ወጣ ብሎ ዞሮት እንደገና ወደ አጥሩ ሲመለስ፣ ሁሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ታየዋለህ። በቀጥታ ስርጭቱ ላይ ተአምር የመሰለው ነገር ከላይ ሲታይ ሥራ ሆኖ ተገኘ። በፈረሱ ላይ ሁለት ዶላር ያስያዘ ሰው 163 ዶላር ከ60 ሳንቲም ወሰደ። ጋሼ አያስይዙም፤ «ገንዘብ ከፈረስ እግር ሥር አይቀመጥም» ይላሉ፤ ምስሉን ግን በስልካቸው ይዘው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሳይቀር ለሰው ያሳያሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ያው ፈረስ ካሸነፈ በኋላ ሊያጅበው የቀረበውን ፈረስ መንከስ ያዘ፤ አጃቢው ሰውዬም በቡጢ ይለው ጀመር። ይህንንስ ቴሌቪዥኑ ከቅርብ፣ ጥርት አድርጎ አሳየ። ጋሼ የፈረሱን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እንደሚጋሩ ተናገሩ።

በሕይወታቸው ረክተው ያዩት ስርጭት አንድ ብቻ ነው፤ የ2019ኙ። ማክሲመም ሴኪዩሪቲ የሚባለው ፈረስ አንደኛ ገባ፤ ነገር ግን መታጠፊያው ላይ መንገዱን ስቶ ሌሎቹን ገፍቷል የሚል አቤቱታ ቀረበ። ዳኞቹ ለውሳኔ 22 ደቂቃ ያህል ፈጁ። ሩጫው ሁለት ደቂቃ፣ ፍርዱ ሃያ ሁለት! ሰው ሁሉ በመሰላቸት ሲቃጠል ጋሼ ፊታቸው በራ። ምክንያቱም ጣቢያው የሚያሳየው ሌላ ነገር አጥቶ ሩጫውን ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ፣ ደግሞ ደጋግሞ ያሳይ ነበር። ባርኔጣ የለ፣ ተዋናይ የለ፣ ፈረስ ብቻ። በመጨረሻ አንደኛው ተሽሮ በ65 ለ1 የተገመተው ካንትሪ ሃውስ አሸናፊ ተባለ፤ በደርቢው ታሪክ በሩጫ ላይ በተፈጸመ ጥፋት አንደኛ የገባ ፈረስ ሲሻር የመጀመሪያው ነበር። «ምነው ሁልጊዜ አቤቱታ በኖረ» አሉ ጋሼ።

ሕመሙ የአሜሪካ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጋሼ ለንደን የሚኖር የአገራቸው ልጅ አላቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይደዋወላሉ። እንደ ሕመምተኞች በሽታቸውን ያወዳድራሉ። የእንግሊዝ ታላቁ ውድድር ግራንድ ናሽናል ነው፤ ሊቨርፑል አጠገብ ኤንትሪ በሚባል ሜዳ፣ ሰባት ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ፣ 30 መሰናክል። በቴሌቪዥን መተላለፍ የጀመረው በ1960 በቢቢሲ ነበር፤ በ2013 ወደ ቻናል ፎር፣ በ2017 ወደ አይቲቪ ተዛወረ። የለንደኑ ወዳጃችን በእያንዳንዱ ዝውውር ያለውን አማርሮ የሄደውን ያለቅሳል። አሁን ደግሞ የዘወትሮቹ ውድድሮች በሁለት የክፍያ ጣቢያዎች ተከፋፍለው፣ አንዱን ከፍሎ የሌላውን ሜዳ የማያይ በመሆኑ፣ «ሁለት ሚስት እንዳለው ሰው ሆንኩ» ይላል። ጋሼ ይስቁና ወዲያው ያዝኑለታል።

የለንደኑ ሰው የሚመካበት ነገርም አለው። ፒተር ኦሱሊቫን የሚባል አስተላላፊ ነበራቸው፤ ከ1947 እስከ 1997 በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሃምሳ ግራንድ ናሽናል አስተላልፏል። ሰውየው ፈረስም ነበረው። በ1974 ቸልተናም ላይ የራሱ ፈረስ አቲቮ ሲያሸንፍ ውድድሩን ያስተላልፍ የነበረው እሱ ራሱ ነው፤ ድምፁን ከፍ ዝቅ ሳያደርግ፣ እንደ ማንኛውም ፈረስ አንደኛ መውጣቱን ተናግሮ፣ የባለቤቱንም ስም እንደ ደንቡ ጠርቶ ጨረሰ። ጋሼ ይህን ታሪክ በሰሙ ቁጥር ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እሳቸው ቢሆኑ ማይክሮፎኑን ጥለው ፉከራ ውስጥ ይገቡ እንደነበር አይክዱም።

ሌላው የሚወዱት የ1967ቱ ነው። 23ኛው መሰናክል ላይ፣ ቀደም ሲል ጋላቢውን የጣለ አንድ ፈረስ በጎን ሲያቋርጥ ሁሉም ተደራርበው ቆሙ፤ ገሚሱ ወደቀ፣ ገሚሱ ወደ ኋላ ዞረ። ፎይናቮን የሚባል በ100 ለ1 የተገመተ ፈረስ በጣም ወደ ኋላ ቀርቶ ስለነበር ትርምሱ ላይ ዘግይቶ ደረሰና ቀዳዳ አግኝቶ ሾለከ፤ ብቻውን ሄዶ አሸነፈ። ከዕለቱ አስተላላፊዎች አንዱ የነበረው ማይክል ኦሄር በዚያ ሁሉ ትርምስ መካከል ማን እንደወጣ ወዲያው ለይቶ ተናግሯል፤ በፈረስ ሰዎች ዘንድ ይህ እንደ ቅኔ ሲወደስ ይኖራል። አሠልጣኙ ግን ሜዳው ላይ አልነበረም። ፈረሱ ያሸንፋል ብሎ ስላልጠበቀ ዉስተር ወደሚባል ሌላ ሜዳ ለሌላ ውድድር ሄዶ ነበር፤ የገዛ ፈረሱ ታሪክ ሲሠራ ያየው እንደ ማንኛችንም በቴሌቪዥን ነው። «አየህ፣ ባለቤቱም ባይሆን አሠልጣኙ እንደኔ ነው» ይላሉ ጋሼ።

በ2024 ቤታችን ውስጥ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ሆነ። ደርቢው 150ኛው ነበር፤ ቀኑ ሜይ 4፤ ለእኛ ቀዳም ሥዑር። አክስቴ ከጠዋት ጀምሮ ዶሮዋን ጥዳለች፤ ቤቱ በማይቀመስ ነገር ሽታ ተሞልቷል። ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ስለምትሄድ ነጭ ልብሷ ተተኩሶ ተሰቅሏል። ባርኔጣ ለማየት ልብ አልነበራትም። በመሃል ግን ከተሰላፊዎቹ አንዱ ሴራሊዮን እንደሚባል ከወጥ ቤት ሰማች።

«አፍሪካዊ አለ እንዴ? እኔ የእሱ ነኝ» ብላ ማማሰያዋን ይዛ ወጣች።

«ስሙ ነው እንጂ እዚሁ አሜሪካ ነው የተወለደው» አሉ ጋሼ።

«የኛስ ልጆች የት ነው የተወለዱት?»

ለዚህ መልስ አልተገኘም። ሩጫው ተጀመረ። ሚስቲክ ዳን የሚባለው ፈረስ በውስጠኛው አጥር ጥግ ተለጥፎ ቀድሞ ወጣ፤ ሴራሊዮንና ከጃፓን የመጣው ፎርኤቨር ያንግ ትከሻ ለትከሻ እየተጋፉ ተከተሉት። በመድረሻው ላይ ሦስቱም አንድ ላይ ደረሱ። አክስቴ «ሴራሊዮን!» ብላ ስትጮህ ከማማሰያው ላይ የተንጠባጠበው ቁሌት ምንጣፉ ላይ እስካሁን አለ። ፎቶ ይታይ ተባለ። ደቂቃዎች አለፉ። ሚስቲክ ዳን በአፍንጫ በልጧል ተብሎ ተፈረደ።

አክስቴ ጠጋ ብላ ስክሪኑን መረመረች። «ይሄ ፎቶ ከየት በኩል ሆኖ ነው የተነሣው? ከዚያ ወዲህ ቢያዞሩት እኮ የእኛ ይቀድማል። ደግሞ ያ የጃፓኑ ሲገፋው ለምንድነው በደንብ ያላሳዩት?» ጋሼ ምንም አላሉም። ከሶፋው ላይ ገለል ብለው ከጎናቸው ቦታ ሰጧት።

እኔ በበኩሌ አንድ ጊዜ፣ ይህ ሁሉ ጣጣ ከሚሆን ለምን ሜዳው ድረስ ሄደን አናይም አልኳቸው። ሎረል ፓርክ የሚባለው ሜዳ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም አይርቅም፤ ፒምሊኮ የሚባለው የባልቲሞር ጥንታዊ ሜዳ ፈርሶ ስለሚሠራ ፕሪክነስ የሚባለው የ2026ቱ ውድድር እንኳ ሎረል ፓርክ እንዲካሄድ ነው የተወሰነው። በአንድ ተራ ቅዳሜ ሄድን። ጋሼ ሱፍ ለብሰው፣ አጥሩን ተደግፈው ቆሙ። ፈረሶቹ በፊታችን ሲያልፉ መሬቱ በጫማችን ሥር ተንቀጠቀጠ፤ ኮቴው ደረት ውስጥ ይገባል፤ የጋላቢዎቹ ጩኸት ይሰማል። ጋሼ ዓይናቸው ዕንባ አቀረረ። ይህ ሁሉ ግን የጥቂት ሰከንድ ነገር ነው። ፈረሶቹ ወደ ማዶ ዞሩና ሩቅ ሆኑ፤ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። ዘወር ብለን ብናይ ሜዳው ዳር ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን አቅንቶ ስክሪን ያያል። ከስክሪኑም ላይ ያው የምናውቀው ካሜራ፣ ያው የሁለት ፈረስ ጋማ። ቸርችል ዳውንስማ በ2014 ከሃምሳ ሜትር የሚበልጥ ስፋት ያለው ስክሪን ሜዳው ላይ ተክሏል፤ ሰዉ የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጦ ሉዊቪል ድረስ ሄዶ ቴሌቪዥን ያያል ማለት ነው።

ስለ ፒምሊኮ ካነሣሁ የ2006ቱን መዝለል አልችልም። ባርባሮ የሚባለው ፈረስ የዚያን ዓመት ደርቢ በሰፊ ርቀት አሸንፎ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለፕሪክነስ ባልቲሞር መጣ። መጀመሪያ በሩ ሳይከፈት ገፍቶ ወጣ፤ መልሰው አስገቡት። ከዚያ እንደተነሡ፣ ገና ብዙም ሳይርቁ፣ የቀኝ የኋላ እግሩ ተሰበረ። ጋላቢው ጎትቶ አቆመው፤ ሌሎቹ ሮጡ። ካሜራው የቱን ይከተል? ውድድር አለ፤ የቆመ ፈረስም አለ። በርናርዲኒ የሚባል ፈረስ አሸነፈ፤ ዛሬ ስሙን የሚያነሣ ጥቂት ነው። ባርባሮ ለወራት ታክሞ በ2007 ጃንዋሪ ሞተ። የፈረስ ወዳጆች በዚህ ላይ እስካሁን አልተስማሙም፤ አንዱ «ይታይ፣ እውነቱን እንወቅ» ይላል፣ ሌላው «ለእንስሳውም ክብር አለው፣ አይታይ» ይላል። በሌላው ሁሉ ሐሳብ የማያጡት ጋሼ እዚህ ላይ ሐሳብ የላቸውም። ነገሩ ሲነሣ ሪሞቱን ያነሣሉ።

አገር ቤት እንግባ። ጥር 23 ቀን እንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል ነው። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ ይኸኛው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ መነሻውም ፈረሶች በዓድዋና በአምስቱ ዓመት አርበኝነት የዋሉትን ውለታ ማሰብ ነው። ፈረሶቹ በመርገፍ አጊጠው፣ ግላስ ለብሰው፣ ሜዳውን ሞልተው ሲመጡ ያየ ሰው ሌላ ነገር ማየት ያስጠላዋል። በዓሉ በቴሌቪዥን ይታያል፤ ጋሼም ከሲልቨር ስፕሪንግ ሆነው ይጠብቃሉ። ካሜራው መድረኩን ያሳያል። የክብር እንግዶች ተራ በተራ ይተዋወቃሉ። አንዱ ንግግር ያደርጋል፤ ሌላው ንግግር ስላደረገው ሰው ንግግር ያደርጋል። ከድንኳኑ ጠርዝ ወዲያ አቧራ ይነሣል፤ በአቧራው ውስጥ የአንድ አምባላይ ፈረስ ጭራ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። «እዚያ! እዚያ ነው እኮ ያለው!» ይላሉ ጋሼ። ካሜራው ወደ ሌላ ወንበር ይዞራል። ባርኔጣ አለመኖሩ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ዘንድሮ ግን መላ አገኙ። የወንድማቸው የልጅ ልጅ ስልክ ገዝቷል፤ ገንዘቡን የላኩት ጋሼ ናቸው፤ ውሉም ጥር 23 ቀን እንዲቀርጽላቸው ነው። ልጁ ቃሉን ጠበቀ። ምስሉ ቁመት ለቁመት ተቀርጿል፤ ግማሹ ሰማይ ነው። ይንቀጠቀጣል። አንድ ጣት ከጥግ ገብቶ አልወጣም። ፈረሶቹ ከግራ ወጥተው በቀኝ ይጠፋሉ፤ ጋሼ «አዙረው! ወደ ቀኝ አዙረው!» ብለው ይጮሃሉ፤ የሚጮሁት ከሦስት ቀን በፊት በተቀረጸ ነገር ላይ መሆኑን ማንም ሊነግራቸው አልደፈረም። አክስቴም ከኋላቸው ቆማ «ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ይታይ ነበር» አለች፣ የሠላሳ ዓመት ባለሙያ መስላ።

በድምፅ መልእክት ላኩለት። «ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። ለከርሞ ግን ከኮረብታው ላይ ሁን። ስልኩን አጋድመው። ፈረሱንም ሜዳውንም አንድ ላይ ያዝልኝ፤ እንዳታቀርበው፣ እንዳታዞረው፣ ዝም ብለህ ቁም።»

መልሱ የመጣው በማግስቱ ነው።

«እሺ ጋሼ፣ ግን ለከርሞ አልቀርጽም። አባቴ ዳማውን ሊሰጠኝ ነው፤ እኔም እጋልባለሁ።»

ጋሼ ስልኩን አስቀምጠው ፈገግ አሉ፤ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ወዲያው ደግሞ ግንባራቸው ተኮማተረ።

«ታዲያ ማን ሊያሳየኝ ነው?»